እንጦጦ፣ ሱባ፣ ጭልሞ፣ ወፍ ዋሻ ወይስ ባሌ? ለሃይኪንግ ደን ስትመርጡ ደኑንም አስቡት

አሁን አሁን የአዲስ አበባ ሰው ቅዳሜ ሲቃረብ «ሃይኪንግ የት እንሂድ» ማለት ጀምሯል፣ እኔ በዚህ በጣም ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ደን ገብቶ የማያውቅ ሰው ደን ሲቆረጥ አይቆጨውም። ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ ፖስተር አለ፣ ትራንስፖርት ምሳ ውሃ ጋይድ ፎቶ ሁሉ ተካቷል ይላል፣ ስንት ሰው እንደሚሄድ ግን ብዙ ጊዜ አይፃፍም፣ መኪናው እስኪሞላ ነው፣ ከሞላ ደግሞ ሁለተኛ መኪና ይጨመራል። ያ ሁሉ ሰው የሚወርድበት መሬት ስንት እግር ይችላል ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ይሄን የምፅፈው ለዛ ነው፣ ለምትሄዱትም ለምታዘጋጁትም።

ቦታዎቹን የማወዳድረው በውበታቸው አይደለም፣ ሁሉም ያምራሉ። የማየው ሶስት ነገር ነው፦ መሬቱ ምን ያህል ሰው ይችላል፣ የምትከፍሉት ብር ደኑን ለሚጠብቀው ሰው ይደርሳል ወይ፣ እና እናንተ ራሳችሁ ምን አይነት ቡድን ናችሁ። ስለ መንግስትና ስለ ማህበረሰብ ደን ስለሆነ የማወራው የግል ሪዞርት እዚህ ውስጥ የለም።

መጀመሪያ ስለ እግር

ብዙ ሰው የሚያስበው አስር ሰው ትንሽ ይጎዳል፣ መቶ ሰው አስር እጥፍ ይጎዳል ብሎ ነው። ደን ላይ እንደዛ አይሰራም። ማንም ያልረገጠው ሳር ላይ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች ሲያልፉ ነው፣ ሳሩ ይተኛል፣ ቡቃያው ይሰበራል፣ አፈሩ ይጠቀጠቅና ውሃ ማስረግ ያቅተዋል። ከዛ በኋላ በዛው መስመር ሌላ መቶ ሰው ቢያልፍ የሚጨመረው ጉዳት ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም፣ ምክንያቱም መንገዱ አንዴ መንገድ ሆኗል። ይሄን ስለ መረገጥ የተሰሩ ጥናቶች በተለያየ አገር ደጋግመው ያሳዩት ነው።

ይሄ ነገር ሲገባችሁ ምርጫው ሁሉ ይቀየራል። ብዙ ሰው ከሆናችሁ ቀድሞ የተረገጠ፣ የተደለደለ መንገድ ያለበት ቦታ ሂዱ፣ እዛም መስመሩን አትልቀቁ። ያልተነካ ቦታ መሄድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ጥቂት ሆናችሁ ሂዱ። «ሰው በዝቷል፣ ተበተኑና በየፊናችሁ ሂዱ» የሚል መሪ አንድ መንገድ አዳንኩ ብሎ አስር አዲስ መንገድ እያወጣ ነው።

ሁለተኛው ወቅት ነው። ሰው ሁሉ ለሃይኪንግ የሚነሳው መስከረም ላይ ነው፣ አደይ አበባ፣ አዲስ አመት፣ መስቀል፣ አረንጓዴ ፎቶ። እኔም መስከረምን እወዳለሁ፣ ግን አፈሩ በክረምቱ ውሃ ጠጥቶ ገና ያልጠጠረበት ጊዜ ነው፣ ዳገት ላይ አንድ ጫማ ያንሸራተተው አፈር ቁልቁል ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ጭቃ ሲሆን ደግሞ ሰው ምን ያደርጋል፣ ጫማው እንዳይበላሽ ጠርዝ ጠርዙን ይሄዳል። አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ሲል ለአንድ ሰው የምትበቃ የነበረች መንገድ መኪና የሚያሳልፍ ትሆናለች። ክረምት እንደወጣ ሱባ ብትሄዱ ይሄን በአይናችሁ ታዩታላችሁ፣ ዳገቱ ላይ የጽድ ስር አፈሩ ተጠርጎ ወጥቶ፣ ላዩ ላይ ስንት ሰው እንደ ደረጃ እየረገጠው ቅርፊቱ ተልጦ፣ ውስጡ ቀይ ሆኖ ይታያል። እሱ ዛፍ ወዲያው አይደርቅም፣ ቆሞ ይታያል፣ በዛ ቁስል ግን በሽታም ነፍሳትም ይገባል። ስለዚህ ጭቃ ካለ መሃል መሃሉን ሂዱ፣ ጫማ ይታጠባል።

እንጦጦ (እና ጉለሌ)

ከሃያ ሰላሳ በላይ ከሆናችሁ፣ የመስሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ቡድን ከሆናችሁ፣ ህፃናትና አዛውንት ካሉ፣ ሙዚቃና ኬክም ካለ፣ መልሱ እንጦጦ ነው፣ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 መስከረም መጨረሻ ላይ የተከፈተ ነው፣ ስፋቱ 1,300 ሄክታር ገደማ ነው። የተሰራ መንገድ አለው፣ ሽንት ቤት አለው፣ ቆሻሻ መጣያ አለው፣ ለሳይክልና ለፈረስ የተለየ ቦታ አለው፣ ማለትም ለብዙ ሰው ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ደኑም አብዛኛው ባህር ዛፍ ነው፣ በምኒልክ ዘመን ከተማዋ የማገዶ እንጨት ሲያልቅባት ከአውስትራሊያ የመጣው። ባህር ዛፍ ስር ብዙ ነገር አይበቅልም፣ ስለዚህ ከሱባ ጋር ሲነፃፀር ስትረግጡ የምታጠፉት ነገር ትንሽ ነው። ጨካኝ አነጋገር ሊመስል ይችላል ግን እውነቱ ይሄ ነው፣ ብዙ እግር አንድ ቦታ ማረፉ ካልቀረ እዛ ይረፍ።

ይሄ ማለት ግን እንጦጦ ላይ እንደፈለጋችሁ ሁኑ ማለት አይደለም። ባህር ዛፉ እየተነሳ በጽድ፣ በወይራ፣ በኮሶ የሚተካበት ቦታ አለ፣ ችግኙ ከጉልበት በታች ስለሆነ ፎቶ ለመነሳት ወደ ኋላ ስትሉ ሳታዩት ነው የምትረግጡት። ከዛ ደግሞ ተራራው የውሃ መለያ ነው፣ በሰሜን በኩል የወረደው ወደ አባይ፣ በደቡብ የወረደው በከተማው ወንዞች አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል፣ እላይ የተራቆተ አፈር ታች ከተማ ውስጥ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። መንገድ የሚያቆራርጥ ሰው፣ ማለትም ጠመዝማዛውን ትቶ በቀጥታ ቁልቁል የሚሮጥ፣ ለዛ ጎርፍ ቦይ እየቆፈረ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁሌ ልቤን የሚነካኝ ነገር ስለሆነ። እንጦጦን ከኛ በፊት በየቀኑ የሚወጡትና የሚወርዱት ማገዶ በጀርባቸው የተሸከሙ እናቶች ናቸው። እኛ ለመዝናናት የምንወጣውን ዳገት እነሱ የዕለት እንጀራቸውን ፍለጋ ነው የሚወጡት። የህዝብ ደን ለማን ክፍት ይሁን ስንል የነሱንም መግቢያ ነው የምናወራው፣ ሽርሽር የሚወጣው ሰው ብቻ አይደለም ህዝብ። ቢያንስ ቢያንስ መንገድ ላይ ስትገናኙ ቁሙና አሳልፏቸው፣ ሳትጠይቁም ፎቶ አታንሷቸው።

ልጆች ካሏችሁ ወይም ስለ አገር በቀል ዛፍ መማር ከፈለጋችሁ ከእንጦጦ ይልቅ የጉለሌ እፅዋት ማዕከልን እመርጣለሁ፣ 705 ሄክታር ነው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ነው። ስራው ምርምርና ጥበቃ ስለሆነ ግን ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚገባበት ቦታ አይደለም።

መናገሻ ሱባ

ለብዙ ሰው የመጀመሪያው እውነተኛ ደን ሱባ ነው፣ በሰበታ ወይም በሆለታ በኩል ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ያልቃል። ወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ነው ያለው፣ የተራራው ጫፍ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል፣ በኋላም ምኒልክ አስጠብቀውታል፣ ለዚህ ነው በአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው የሚባለው። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ከፍ ስትሉ ኮሶ፣ ከዛ አስታ። ጉሬዛ ታያላችሁ፣ እድለኛ ከሆናችሁ የምኒልክ ድኩላ ታያላችሁ።

ችግሩ ምንድነው፣ ሱባ ለአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆነ ብቻ የእንጦጦን ያህል ሰው ይጫንበታል፣ ግን እንጦጦ አይደለም። የተፈጥሮ ደን ነው፣ ዛፍ ስር ያለው ነገር ሁሉ፣ ችግኙ፣ ቡቃያው፣ የረገፈው ቅጠል፣ ነገ ዛፍ የሚሆነው እሱ ነው። ጽድ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ሁለት ኮስተር ሙሉ ሰው ባንድ ቀን ባንድ መንገድ ሲያልፍ መንገዱ ይሸከም ይሆናል፣ ምሳ የሚበሉበት ሜዳ ግን አይሸከምም፣ ሽንት ቤት ፍለጋ በየቁጥቋጦው የሚገባው ሰው የሚያወጣት ትንሽ መንገድም በሁለተኛው ሳምንት ቋሚ መንገድ ትሆናለች።

እኔ ብሆን ሱባን የምመርጠው ለአስራ አምስት ሰው ገደማ፣ ከህዳር እስከ ጥር፣ ቢቻል ደግሞ ከቅዳሜና እሁድ ውጪ ነው። ጉሬዛውን አትመግቡ። ብስኩት የለመደ ጉሬዛ ከዛፍ ወርዶ መኪና ማቆሚያ አካባቢ መዋል ይጀምራል፣ ሆዱ የተሰራው ቅጠል ለመፍጨት ነው፣ ስኳርና ዱቄት ያሳምመዋል፣ መሬት ላይ ደግሞ ውሻ ይይዘዋል። እሳት በጭራሽ። ጥርና የካቲት ላይ የረገፈው የጽድ ቅጠልና ቅርፊት ክብሪት ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ ቡና ከፈለጋችሁ በቴርሞስ ይዛችሁ ሂዱ።

ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው፣ በር ላይ ትከፍላላችሁ፣ ጋይድ ትይዛላችሁ። ለጋይዱ በእጁ የምትሰጡት እላዩ ላይ ነው፣ አትቆጥቡበት፣ የሚያሳያችሁ የአካባቢው ልጅ ነው።

ጭልሞ እና አዳባ ዶዶላ

እነዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ያደረኳቸው ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ አይደለም፣ አንዱ ምዕራብ ሸዋ ነው አንዱ ከሻሸመኔ ወደ ባሌ በሚወስደው መንገድ ነው። የሚያገናኛቸው ደኑን የሚጠብቀው ሰው እዛው የሚኖረው ገበሬ መሆኑ ነው። እና በኔ እምነት መዝናኛና ጥበቃ እንዴት ይታረቃል ለሚለው ጥያቄ አገራችን ውስጥ ከተሞከሩት መልሶች ሁሉ ብዙ ትምህርት ያለው እዚህ ነው።

ጭልሞ ግንጪ አጠገብ፣ አዋሽ ከሚነሳበት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለው ነገር ኢትዮጵያ ውስጥ ከተጀመረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ነው፣ ሌላው ቦንጋ ነው። አሰራሩ ቀላል ነው፦ የአካባቢው ሰው በህብረት ስራ ማህበር ይደራጃል፣ ድንበሩ ይለካል፣ ከመንግስት ጋር ውል ይፈርማል፣ ከደኑ የመጠቀም መብት ያገኛል፣ በምትኩ ይጠብቃል። ከዛ በፊት ደኑ የመንግስት ተባለ ማለት በተግባር የማንም አይደለም ማለት ነበር፣ ዘበኛው አንድ ነው፣ መጥረቢያው ብዙ ነው። በ2010 የወጣው የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065/2010፣ የማህበረሰብ ደንን ራሱን የቻለ የባለቤትነት አይነት አድርጎ እውቅና ሰጥቶታል።

ጭልሞ ለጎብኚ ብዙ የተዘጋጀ ነገር የለውም። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ጉሬዛ፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የድሮ ቤተ መንግስት፣ ሰላም። ምልክት የተደረገበት መንገድ አልፈልግም፣ ሬስቶራንት አልፈልግም የምትሉ ሰባት ስምንት ሰዎች ከሆናችሁ ጥሩ ነው። ከማህበሩ ሰዎች ጋር ቀድሞ መነጋገርና ከነሱ ሰው መያዝ ግዴታ አድርጉት። ከብትና ማር እንጨትም ደኑ ውስጥ ታያላችሁ፣ ውሉ በሚፈቅድላቸው ልክ ይጠቀማሉ፣ እየጎዱት ነው ብላችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ።

አዳባ ዶዶላ ደግሞ በጀርመን እርዳታ የተጀመረ ነው፣ ዋጂብ በሚባለው የደን ነዋሪዎች ማህበር አማካኝነት። እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ሃሳቡ በጣም ይገርማል። ደኑን በብሎክ ብሎክ ከፋፈሉት፣ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ገደማ ደን ያስፈልጋል ብለው አሰሉ፣ አንድ ብሎክ በዛ ሂሳብ ከሚችለው በላይ ቤተሰብ አባል አይሆንም። ማለትም «ደኑ ስንት ሰው ይችላል» የሚለውን ጥያቄ ቀድመው መለሱት፣ ለነዋሪው። ለጎብኚውም እንደዛው ነው የሆነው፣ በፈረስ ወይም በእግር ከጎጆ ወደ ጎጆ ነው የምትሄዱት፣ የምታድሩት በነዛው ጎጆዎች ነው፣ ጎጆው ውስጥ ያለው አልጋ ጥቂት ነው፣ አልጋ ካለቀ አለቀ። ማንም ሰው በር ላይ ቆሞ አትገቡም ማለት ሳያስፈልገው የአልጋው ቁጥር ራሱ ኮታ ሆነ። ፈረሱ የአካባቢው ሰው ነው፣ ጎጆ ጠባቂው የአካባቢው ሰው ነው፣ ብሩም እዛው ይቀራል።

ሁለት ሶስት ቀን ካላችሁና አራት አምስት ሰው ከሆናችሁ እዚህ ሂዱ። ጎጆዎቹ አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ዶዶላ ደውላችሁ ሳታጣሩ ግን አትነሱ።

ወፍ ዋሻ

ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን አልፎ በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ያለው ገደል ላይ የተንጠለጠለ ደን ነው። የሱባ እናት በሉት፣ ዘሩ ከዚህ ነው የሄደው ከተባለ። ትላልቅ ጽድና ዝግባ አለው፣ አፋፉ ላይ የጭላዳ መንጋ ሳር ሲነጭ ታያላችሁ፣ በአንኮበር ስም የምትጠራ፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የማትገኝ ትንሽ ወፍም አለች፣ ወፍ የሚያዩ ሰዎች ለሷ ብለው ከውጭ አገር ይመጣሉ።

ከመሬቱ አንፃር ከሁሉም የበለጠ የምሰጋለት ይሄ ነው። ቁልቁለቱ ከባድ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ያለ አፈር አንዴ ከተነሳ ማንም አይመልሰውም፣ ከስሩ ደግሞ ውሃውን የሚጠብቅ ገበሬ አለ። ስለዚህ ቁጥራችሁ ከአስር አይበልጥ፣ ክረምትና መስከረም አትሂዱ፣ አቋራጭ አትሞክሩ፣ የአካባቢ ሰው ሳትይዙ አትግቡ። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ የፀጥታውን ሁኔታ እዛው ያለ ሰው ጠይቁ፣ ፌስቡክ ላይ ካነበባችሁት አትነሱ፣ ይሄ ለጭልሞም ይሰራል። ጥርጣሬ ካለ ይቅር፣ ደኑ የትም አይሄድም።

ባሌ፦ ሳነቴ እና ሐረና

ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወደ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። አብዛኛው ሰው በአራት ቀን ዲንሾ፣ ሳነቴ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሐረና፣ ከዛ ቤት ብሎ ይጨርሰዋል። ግን ዲንሾ ያለው ጫካ፣ ሳነቴ አምባና ሐረና ደን ሶስት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፣ የሚችሉትም ሰው ይለያያል።

ዲንሾ የፓርኩ ዋና ቢሮ ያለበት ነው፣ የደጋ አጋዘኑ ሰው ለምዷል፣ አጭር መንገድ አለ፣ ልጅ ይዞ መሄድ ይቻላል። ለጀማሪ እዚህ በቂ ነው፣ ከልቤ ነው የምለው።

ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377። እዛ የሚበቅለው ነገር ሁሉ ከመሬት ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ ነው የሚበቅለው፣ በብርዱ ምክንያት እድገቱ በጣም ቀርፋፋ ነው፣ የመኪና ጎማ ከመንገድ ወጥቶ አንዴ ከሄደበት ምልክቱ ለአመታት ይታያል። ለፎቶ ብላችሁ ሹፌሩን «ትንሽ ወደ ውስጥ ግባ» አትበሉት። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው፣ እየጨረሰው ያለው ደግሞ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታ ነው። ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ክትባት ቢኖረውም አትሂዱ፣ ካምፕ ላይ ደግሞ ትርፍራፊ ምግብ አትጣሉ ምክንያቱም የመንደሩን ውሻ ወደ ላይ የሚጠራው እሱ ነው።

ሐረና ከሳነቴ ቁልቁል ስትወርዱ ነው የሚጀምረው፣ መጀመሪያ አስታው፣ ከዛ ኮሶ፣ ከዛ ሪራ ስትደርሱ ቀርከሃ፣ እየወረዳችሁ ስትሄዱ ደግሞ የጫካ ቡና። የባሌ ጦጣ ቀርከሃ ላይ ነው የሚኖረው፣ ከኢትዮጵያ ደቡብ ደጋ ውጪ የትም የለም። ዛፍ ላይ የተንጠለጠሉት ቀፎዎች ባለቤት አላቸው፣ የቡናውም እንደዛው፣ «የጫካ ነው» ብላችሁ አትቀንጥሱ። ሪራ ላይ ሰው ቤት ቡና ጠጡ፣ ማር ግዙ፣ እዛ የምታወጡት ብር በር ላይ ከምትከፍሉት ይልቅ ለደኑ በቀጥታ ይሰራል፣ ምክንያቱም ደኑ ቆሞ ከሚያስገኘው ገቢ የሚኖር ሰው እሳት አይለቅም። አስታው በበጋ ለግጦሽ ተብሎ የሚቃጠልበት ቦታ ነው፣ የካምፕ እሳት እዛ ላይ ተጨምሮ ማየት አልፈልግም።

ካምፕ ከሆናችሁ፦ ድንኳን ቀድሞ ድንኳን የተተከለበት ቦታ ላይ፣ ከወንዝና ከምንጭ ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ። ሽንት ቤት ከሌለም በተመሳሳይ ርቀት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩ፣ ሶፍትና ሞዴስ ግን አይቀበርም፣ በፌስታል ተመልሶ ይመጣል። የሚያሳፍር ወሬ አይደለም፣ ከታች ያንን ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ።

አስተዳደሩስ የቱ ይሻላል?

በር ላይ የሚከፈለው፣ ጋይዱ፣ ኮታው፣ መዝጋቱ፣ ሁሉም የራሱ ጥቅምና ጉዳት አለው፣ እኔ ግን ሁሉም እኩል ናቸው አልልም።

ዋጋ መጨመር ሰው ይቀንሳል፣ የሚቀንሰው ግን ብር የሌለውን ነው፣ ደን የሚያበላሸውን አይደለም። ለተማሪና ለአካባቢው ነዋሪ ዝቅተኛ ዋጋ ከሌለው የህዝብ ደን የሚለው ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጋይድ ግዴታ ማድረግ ይሻላል፣ ስሜን ተራሮች ላይ ስካውት፣ ማለትም የታጠቀ አጃቢ፣ ሳይዝ ማንም አይሄድም፣ የመንደሩ ሰው ተራ እየጠበቀ ስራ ያገኛል፣ ጎብኚውም መስመር አይስትም። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 የወጣው በስካውት ብቻ አይደለም፣ ግጦሽ ተቀንሷል፣ የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ወጥተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል፣ መንገድም ተቀይሯል፣ ማለትም ከኛ የሃይኪንግ ጫማ የበለጠ ከባድ ዋጋ የከፈሉ ሰዎች አሉ። ያንን ሳስብ አንድ ጎብኚ «ለምን ጋይድ እገደዳለሁ» ብሎ ሲከራከር ይከብደኛል።

ከፋ ላይ ያለው ደግሞ ክልል መለየት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ ባዮስፌር ብሎ ሲመዘግበው ውስጠኛው ጥብቅ ሆነ፣ ዙሪያው በልክ የሚሰራበት፣ ከዛ ውጪ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት። ለትልቅ ደን ይሄ በጣም ልክ ነው፣ እንደ ሱባ ላለ ትንሽ ደን ግን ውስጡም ዙሪያውም ያው ሊሆን ይችላል። ለሱባ የምመኘው የቀን ኮታና ከሐምሌ እስከ መስከረም ዳገታማ መንገዶቹን መዝጋት ነው፣ ታች ያለው ሰፊ መንገድ ክፍት ሆኖ። ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው ይዘጋ የሚሉትን ግን አልደግፍም። ጎብኚ የማይገባበት ደን ውስጥ መጥረቢያ ሲገባ ያየ ሰው አይኖርም፣ የጋይዱም ገቢ ይቋረጣል፣ ከዛ በኋላ ደኑን ቆሞ ማየት የሚጠቅመው ሰው ይቀንሳል።

እና የቱን ልምረጥ?

ልደት፣ የመስሪያ ቤት ሽርሽር፣ ከሃያ በላይ ሰው ከሆነ እንጦጦ። ልጆች ካሉ ጉለሌ፣ ራቅ ማለት ከቻላችሁ ዲንሾ። የመጀመሪያ እውነተኛ ደን ለሚፈልግ አነስ ያለ ቡድን ሱባ በበጋ። ፀጥታ ለሚፈልጉ ጥቂት ሰዎች ጭልሞ። ጥቂት ቀን ካላችሁና ብራችሁ የት እንደሚሄድ ማወቅ ከፈለጋችሁ አዳባ ዶዶላ፣ አሁንም ደግሜ የምመክረው እሱን ነው። ወፍ ዋሻን ልምድ ላላቸው ብቻ። ሳነቴንና ሐረናን ለሚቸኩል ሰው አልመክርም፣ ቢያንስ አምስት ቀን ይስጠው።

በአዘጋጅ በኩል ከሆነ የምትሄዱት ብር ከመላካችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። በጠቅላላ ስንት ሰው ነው የሚሄደው፣ «እስኪሞላ» የሚል መልስ አትቀበሉ። ለስንት ሰው አንድ የአካባቢ ጋይድ አለ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የግሩፑ መሪ በሱ ምትክ አይቆጠርም። ምሳ በምን ነው የሚቀርበው፣ የሚጣል ሳህንና የፕላስቲክ ውሃ ከሆነ ቆሻሻውን ማን ተሸክሞ ነው የሚመለሰው፣ የትስ ነው የሚጥለው፣ ምክንያቱም ደን አጠገብ ካለች ትንሽ ከተማ መጣል መፍትሄ አይደለም። ዝናብ ቢዘንብ መንገድ ትቀይራላችሁ ወይ። ስፒከር ይኖራል ወይ። በደንብ ያሰበበት አዘጋጅ እነዚህን ስትጠይቁት አይከፋውም፣ እንዲያውም ሳትጨርሱ ይመልስላችኋል። የሚሸሽ ከሆነ ብራችሁን ያዙና አራት አምስት ጓደኛ ሰብስባችሁ፣ አንድ ሚኒባስ ተከራይታችሁ፣ የደኑ በር ላይ ጋይድ ይዛችሁ ራሳችሁ ሂዱ፣ ወጪው በነፍስ ወከፍ ትንሽ ከፍ ቢልም።